የድጋፍ ጥሪ፦ ለጋራ የትራክተር መጠገኛችን ፓራንኮ (በሰንሰለት ከባድ ዕቃ ማንሻ)፣ ሀዲድና አንድ በርሜል ዘይት

በአርሲ የስንዴ ማሳዎች ላይ ዛሬም ከሚያርሱት ትራክተሮች ብዙዎቹ አሮጌ ናቸው፤ ማሲ ፈርጉሰን እና በደርግ ዘመን አዳማ ላይ ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ኤምቴዜድ 80። ሞተራቸው ተደጋግሞ ይታደሳል። ቆመው የሚቀሩት በካምቢዮ (በማርሽ ሳጥኑ) እና በፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው በሚያገናኘውና በሚለየው ክፍል) ነው፤ ለዚያውም ማርሹ አርጅቶ ሳይሆን ውሃ ገብቶበት፣ ዘይት ጎድሎት ወይም አንድ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዝ ቀለበት) በጊዜው ሳይቀየር ቀርቶ። ኦይል ሲሉ ራሱ ትንሽ ነገር ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ትራክተሩን ከወገቡ ለሁለት፣ ሞተሩን ከካምቢዮው፣ መለየት ግድ ይላል፤ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የለንም።

አሁን የሚሠራው በክሪክና በግንድ ነው። ቤላሩስ ከሦስት ቶን በላይ ይመዝናል። የፊት አክስሉ በመካከለኛው ፒን ላይ ስለሚወዛወዝ፣ በአክስሉና በፍሬሙ መካከል ግራና ቀኝ የእንጨት ሽብልቅ ሳይመታ ብሎኖቹ ከተፈቱ ሞተሩ ወደ ጎን ይጋደማል። ሲገጠምም ችግር አለ፤ ሁለቱ አካላት ቀጥ ብለው ካልተገናኙ የካምቢዮው ዘንግ በፍሪሲዮን ዲስኩ ላይ ተንጠልጥሎ ያጣምመዋል። አዲስ የተገዛ ዲስክ ገና ማሳ ሳይገባ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ብሎን አጥብቆ በጉልበት ማስገባትማ ባይነሳ ይሻላል።

ስለዚህ ለመሥራት ያሰብነው ቀላል ነገር ነው፦ የኋላውን አካል የሚሸከሙ ሁለት ቋሚ ድጋፎች፣ የፊቱን አካል ይዞ በሀዲድ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ፣ ከላይ ደግሞ ፓራንኮ። ለሀዲዱ አራት አራት ሜትር የሆኑ ሁለት ዩ ብረቶች፣ ለጋሪው አራት የብረት ጎማዎች፣ ለፓራንኮው ማንጠልጠያ ወፍራም የብረት ቧንቧ እንፈልጋለን። ፓራንኮው 3 ቶን የሚያነሳ ይሁን። ብየዳውን እኛው እንሠራዋለን።

ቀጥሎ ዘይት። የኤምቴዜድ 80 ካምቢዮና የኋላ አክስል በአንድነት 40 ሊትር ገደማ ይይዛሉ፤ 200 ሊትር በርሜል አምስት ትራክተር ሞላ ማለት ነው። ዘይቱ በየ1000 የሥራ ሰዓቱ መቀየር አለበት፤ የሰዓት ቆጣሪው የሚሠራ ቤላሩስ ብርቅ ስለሆነ ግን በእርሻ ወቅቶች ብዛት መቁጠር ነው የሚያዋጣው። የሚቀዳው ከሥራ መልስ፣ ትኩስ እንዳለ ነው፤ ቀዝቅዞ ከተቀዳ ዝቃጩ ከታች ይቀራል። ለማሲ ፈርጉሰን ሌላ ዘይት ነው፦ ካምቢዮው፣ የኋላ አክስሉና ሃይድሮሊኩ የሚጠጡት አንድ ዘይት ስለሆነ ወፍራም የማርሽ ዘይት ቢገባበት ፓምፑ ይቸገራል። ለእሱ የትራክተር ሁለገብ ዘይት ብላችሁ ግዙ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን እባካችሁ አታምጡ።

ውሃ የሚገባው በአብዛኛው በማርሽ ዱላው ሥር ካለው የጎማ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ተቀዶ ትራክተሩ ክረምቱን ሜዳ ላይ ካደረ ዘይቱ ወተት ይመስላል። ጥርጣሬ ካለ ማለዳ ሞተር ሳይነሳ የማፍሰሻውን ብሎን በጥቂቱ ማላላት ነው፤ ውሃ ከታች ስለሚተኛ ቀድሞ ይወጣል። ሌላው ዘዴ ጠብታ ዘይት በጋለ ብረት ላይ ማንጠብ ነው፤ ከተንጣጣ ውሃ አለበት። ብሎኑ ላይ የሚገኘው እንደ ቅባት የላመ ጥቁር ብናኝ ከሆነ አያስደነግጥም። ጣት የሚወጋ ስባሪ ከተገኘ ግን ያ ትራክተር ወደ ማሳ አይመለስም።

ከመለዋወጫ የምንፈልገው ለአምስት ትራክተር የሚበቃ ነው፦ አምስት የፍሪሲዮን ዲስክ፣ አምስት የፍሪሲዮን መግፊያ ኩሽኔታ፣ በፍሪሲዮኑ ቤት በሁለቱም በኩል ያሉት ኦይል ሲሎች፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና የማርሽ ዱላ ጎማ። ኦይል ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ዲስኩን ያርሰዋል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ባለቤቱም ፔዳሉን ሲያጠብቅ ይከርማል። የቤላሩስ ፔዳል ነጻ እንቅስቃሴ ከ40 እስከ 50 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ ኩሽኔታው ሁልጊዜ የፍሪሲዮኑን ጣቶች (ዲስኩን የሚያላቅቁትን ማንሻዎች) እየነካ ይቃጠላል፤ ከበዛ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ማርሽ ሲገባ ይንኳኳል፣ የጥርሶቹም ጫፍ ይሸረፋል። ሦስቱ የፍሪሲዮን ጣቶች እኩል መቆም አለባቸው፤ ልዩነታቸው ከ0.3 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ። ይህ በዓይን ግምት አይሆንም።

ለዚህ ነው ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ጥልቀት የሚለካ ካሊፐርና ቶርክ መፍቻ (ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ) ይዛችሁ ብትመጡ የምንለው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ኦይል ሲልም ቀላል ነው፤ ልኩ ሦስት ቁጥር ነው፣ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት። ዝርዝሩን ከመጠገኛው ኮሚቴ ወስዳችሁ ግዙ፣ በግምት አይሁን።

ማርሽ ይተፋል (የገባው ማርሽ ራሱ ይወጣል) የተባለ ትራክተር ሁሉ ግን አይከፈትም። መጀመሪያ ከላይ ያለችው፣ ማርሹን በቦታው የምትይዘው ኳስና ሞላዋ ትታያለች። ሞላዋ ደክማ ከሆነ ተቀይራ ይሞከራል፤ ካልበጀ ነው ማርሹን ወደሚገፋው ሹካና ወደ ኩሽኔታው የሚኬደው። ስለዚህ ሞላና ኳስም ከምንጠይቀው ውስጥ ናቸው።

ያገለገለ ማርሽ ለመስጠት ያሰበ ካለ ደስ ይለናል፤ ጥርሶቹንና የውስጡን ጎድጓዶች ቆጥሮ፣ ላዩ ላይ የተመታውን ቁጥር ጽፎ ይላክልን፤ ከተቻለ አብሮት ሲሠራ ከነበረው ጥንድ ጋር። ያረጀ ማርሽ ከአዲስ ጋር ሲጋጠም ይጮኻል፤ ሁለቱንም ይበላል።

በገንዘብ የሚረዳ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ የተገዛው ዕቃና ዕቃው የገባበት ትራክተር በመጠገኛው በር ላይ ይለጠፋል። ሥራው የሚሠራው ከአጨዳ በኋላ፣ የበልግ እርሻ ሳይጀመር፣ ጥርና የካቲት ውስጥ ነው። ብረቱና ፓራንኮው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቢደርሱን ጥር ሲገባ የመጀመሪያውን ቤላሩስ ሀዲዱ ላይ እናወጣለን። ዘይቱ እስከ ጥር አጋማሽ ቢቆይም ይደርሳል።