ከሳራንግኮት ኮረብታ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽና ወንድሞችሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልጠናው አልቆ ዛሬ ዕረፍት ስለሆነ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። በስልክ «ሂማላያ እንዴት ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በደንብ ሳልመልስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደግሞ በስልክ ጨርሶ መመለስ አይቻልም። የአስጎብኚነት ፈቃድ ልታወጪ እየተዘጋጀሽ ስለሆነ፣ ስለ ተራራው ብቻ ሳይሆን ተራራውን ስላሳየን ሰው አሠራርም ልጽፍልሽ እወዳለሁ። እንዲያውም ይበልጥ ስለ እርሱ ነው።

ያለሁት ፖካራ ነው። ከኔፓል ዋና ከተማ ከካትማንዱ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ፌዋ በሚባል ሐይቅ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። የሂማላያ አገር ሲባል ብርድ የምጠብቅ ነበርኩ፤ ግን ከተማዋ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ብቻ ስለሆነች ሙዝ ይበቅልባታል። ተራራውን ለማየት ሰው የሚወጣበት የሳራንግኮት ኮረብታም ቢሆን 1,600 ሜትር ግድም ነው። ደባርቅ ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትበልጣለች። አንቺ ከቤታችን በር ላይ ቆመሽ፣ ሂማላያን ሊያይ ከተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ከፍ ብለሽ ነው ያለሽው። ልዩነቱ ከዚያ ኮረብታ ፊት ለፊት ነው ያለው፤ ወደ ሰማይ የሚወጣው ማቻፑችሬ 6,993 ሜትር ነው፤ ርቀቱ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በመካከል የሚከልል ሌላ ረጅም ተራራ የለም። ሙዝ ካለበት ሸለቆ ዓይንሽን ስታነሺ ቀጥታ በረዶው ላይ ያርፋል።

እኛ ጋ፣ ስሜን ተራሮች ፓርክ፣ ጎብኚ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያየው ወደ ታች ነው፤ ገደሉን፣ ቆላውን፣ ከእግሩ በታች የሚበርሩትን አሞሮች። እዚህ ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚያየው። ምክንያቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው፤ ገደሉን ኋላ የቆረጠው ውሃ ነው። የሂማላያ ግን ሌላ ነው፤ የህንድ ምድር ወደ ሰሜን ተጉዞ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት ከእስያ ጋር ተጋጨና በመካከላቸው የነበረው የባሕር ወለል እየታጠፈ ወደ ላይ ተነሣ። ግፊያው ዛሬም አልቆመም። አስጎብኚያችን ይህን ሲያስረዳ ከኪሱ አንድ ጥቁር ድንጋይ አውጥቶ በየእጃችን አሳለፈው፤ ውስጡ የባሕር ፍጥረት ጥምጥም ቅሪት አለ። ከካሊ ጋንዳኪ ወንዝ የሚገኝ ሲሆን፣ ሂንዱዎች የአምላካቸው የቪሽኑ ምልክት ነው ብለው ያከብሩታል። ለሳይንሱም ለእምነቱም እኩል ክብር ሰጥቶ ነው የነገረን። ይህን ያዢልኝ፤ የደባርቅ ካህን አጠገብሽ ቆሞ ሲሰማሽ እንዳያፍርብሽ፣ የመጣው ጎብኚም እንዳይታለል አድርጎ መናገር ይቻላል።

አሁን ከዋናው ነገር ልጀምር። ከጉዞው በፊት ማታ አስጎብኚው ወዳረፍንበት ሆቴል መጣ። ካርታ ዘርግቶ የት የት እንደምንሄድ ካሳየን በኋላ «ነገ ተራራውን ልናይም ላናይም እንችላለን» አለ። ወሩ ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ጥሎ አልፏል፤ ሰማዩ የሚጠራው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ቢሆንም ይህ አካባቢ በኔፓል ዝናብ የሚበዛበት ነው፤ ከፖካራ ብዙ በማይርቀው ሉምሌ በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ፀሐይ ስትሞቅ ከሸለቆው የሚነሣው እርጥብ አየር ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ረፋዱ ላይ ደመና ይሆናል። ስለዚህ ነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል የምንነሣው አለን። ከእኛ መካከል አንዱ «ግን በእርግጠኝነት ይታያል አይደል?» ብሎ ደጋግሞ ያዘው። እርሱም ፈገግ ብሎ «አይ፣ ቃል አልገባም። ባይታይ የማሳያችሁን ግን አውቃለሁ» አለ።

ልጄ፣ ይህችን መልስ ስሰማ ልቤ ሞላ። እኛ አካባቢ «ዋልያ በእርግጠኝነት ታያላችሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል አለ። ዋልያው ሳይታይ ሲቀር ሰውየው የሚመለሰው ፓርኩን ረግሞ ነው፤ ሙሉ ቀን ያየው ጨላዳ፣ ጅባራ፣ ገደል ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል። ተራራም አውሬም የእኛ ንብረት አይደሉም፤ ያልያዝነውን አንሽጥም። የምንሸጠው ቀኑን ነው፤ ቀኑን ደግሞ ደመና ቢመጣም ባይመጣም በደንብ መምራት እንችላለን።

በጨለማ በመኪና ወጣን። በኬብል የሚወጣም አለ፤ እኛ ግን ለጎህ መድረስ ስለነበረብን በመንገዱ ሄድን። ከላይ ሰዉ ብዙ ነው፤ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ከእኛ ቀድመው እሳት አንድደዋል። አስጎብኚው ከመካከላችን በዕድሜ የገፉትን ወደ ግድግዳው ጥግ፣ ነፋስ ወደማያገኛቸው ቦታ ወሰዳቸው። ብርሃኑ ሲመጣ መጀመሪያ ረጃጅሞቹ ጫፎች ላይ ብቻ ቀይ ሆኖ ታየ፤ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ፤ ወርቃማ ሆነ፤ ከዚያ ነጭ። ይህ ሁሉ ሲሆን አስጎብኚው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ብዙ ጋይድ ልክ በዚያች ደቂቃ ነው የሚያወራው፤ ያጠናው ሁሉ እንዳይባክንበት ይቸኩላል። እርሱ ግን ከኋላችን ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከጎኔ የነበረች አንዲት የኬንያ ልጅ ታለቅስ ነበር፤ እርሷንም ዝም አላት።

ሰው ሁሉ ፎቶውን ጨርሶ ሻዩን ሲይዝ ነው የጀመረው። ከግራ ወደ ቀኝ እየጠቆመ ቆጠረልን። በስተ ግራ ዳውላጊሪ አለ፣ 8,167 ሜትር፣ ግን ዛሬ ደመና ውስጥ ነው፤ አይታይም። ሌላውን ጫፍ ጠቁሞ «ያውላችሁ» ቢለን ማን ያውቅበት ነበር? አላደረገውም። ቀጥሎ አናፑርና ደቡብ፣ ከዚያ ዋናው አናፑርና፣ 8,091 ሜትር። ሰዎች ከ8,000 ሜትር በላይ ከሆኑት ተራሮች መጀመሪያ ጫፉን የረገጡት ይህንን ነው፤ ሞሪስ ኤርዞግና ሉዊ ላሽናል የሚባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1950። ሁለቱም በውርጭ ጣቶቻቸውን አጥተው ነው የተመለሱት። መካከል ላይ ብቻውን ሾጥሮ የቆመው ማቻፑችሬ ከሁሉም የሚረዝም ይመስላል፤ ጎብኚ ሁሉ እርሱን ኤቨረስት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል አለን። በቤተ ክርስቲያን ከፊትሽ የቆመ አጭር ሰው ከኋላ ያለውን ረጅም እንደሚጋርድብሽ ነው፤ አናፑርና በአንድ ሺህ ሜትር ይበልጠዋል፣ ግን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ኤቨረስትማ ከዚህ አይታይም፤ በምሥራቅ በኩል ሩቅ ነው።

የማቻፑችሬን ታሪክ ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ተራራው ሺቫ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ የተቀደሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጂሚ ሮበርትስ የሚባል፣ ኔፓላውያን ወታደሮች ያሉበት የጉርካ ጦር መኮንን የመራው የእንግሊዝ ቡድን ሊወጣው መጣ፤ የላይኛውን ጫፍ ላለመርገጥ ቃል ተገባ። ዊልፍሪድ ኖይስና ዴቪድ ኮክስ 50 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ተራራውን ሊወጡ ለሚፈልጉ ዝግ ነው። ሮበርትስ ግን ከኔፓል አልሄደም፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የአገሪቱን የመጀመሪያ የተራራ ጉዞ ድርጅት አቋቋመ፣ እስኪሞትም ፖካራ ኖረ። እንግዲህ ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ኔፓላዊ እንጀራ የሚበላበት የአስጎብኚነት ሥራ ሥሩ እዚያ ነው። አሁን በአብዛኛው የእግር ጉዞ መንገድ የውጭ አገር ሰው ያለ ባለ ፈቃድ አስጎብኚ እንዳይሄድ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደንብ ወጥቷል።

ረፋዱ ላይ እንዳለውም ደመናው ተነሣና ተራራውን ዋጠው። ያኔ በመኪና መመለስ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን በመንደሮቹ በኩል በእግር ወደ ሐይቁ አወረደን። ልጄ፣ ከቀኑ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። እርከኑ ላይ ሰዎች እህል እያጨዱ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ዳጉሳ! የራሳችን ዳጉሳ። ዛላውን ይዤ በደስታ ጮህኩ፤ አጫጆቹ ሴቶችም ሳቁ። ገንፎ ይሠሩበታል፤ አረቄም ያወጡበታል። አስጎብኚው አገሬን ከጠየቀኝ በኋላ የእህሉ መነሻ ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ያለው የአፍሪካ ደጋ መሆኑን፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ወደ ህንድ ምድር ተሻግሮ እዚህ መድረሱን ለቡድኑ ሁሉ ተናገረ። ዝግጅቱን ተመልከቺ። ከማን አገር ሰው እንደሚመጣ አያውቅም፤ ግን መንገዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ከሥሩ ያውቀዋል። ሻይ ያጠጡን እናት ደግሞ ከየት እንደመጣሁ ሲነገራቸው ልጃቸው ኳታር እንደሚሠራ፣ በአንድ መኝታ ክፍል ኢትዮጵያውያን እንዳሉ ነገሩኝ። የአክስትሽ ልጅም ዶሃ መሆኑን አስተረጎምኩላቸው። እጄን ይዘው ለጥቂት ጊዜ አልለቀቁኝም።

ከሰዓት በኋላ የሴቲን ወንዝ አሳየን። ከተማዋን በጠባብ ጥልቅ ገደል ሰንጥቆ የሚያልፍ ነጭ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 2012 አናፑርና አራት ከሚባለው ተራራ ወገብ ዓለትና በረዶ ተንዶ ወንዙን ሞላውና ከላይ ካሉት መንደሮች ከ60 በላይ ሰው ወሰደ። ጎብኚ ይዞ በአየር ላይ የነበረ የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ጎርፉን አይቶ ለአየር ማረፊያው በሬዲዮ ስለተናገረ ብዙዎች ሸሽተው ተረፉ። ጠዋት ያስለቀሰን ውበትና ይህ ሞት ከአንድ ተራራ የወጡ ናቸው፤ አስጎብኚው ሁለቱንም በአንድ ቀን ነገረን፤ ጎብኚ ይከፋዋል ብሎ አልደበቀም። ስለ በረዶው መቅለጥ ሲጠየቅም አልሸሸም። ካትማንዱ ያለው የተራሮች ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን ነገረን፤ ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ የአካባቢው የበረዶ ግግር እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ እስከ 80 በመቶ ሊጠፋ ይችላል።

አንድ ነገር ግን እያሰላሰልኩ ነው። የአናፑርና ጥብቅ ሥፍራ 7,629 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ100,000 በላይ ሰው ውስጡ እየኖረ፣ እያረሰ ነው የሚጠበቀው፤ ከጎብኚ የሚሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ ለጥበቃውና ለመንደሮቹ ይውላል። እኛ ጋ የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ሣሩ አገግሟል፤ ሰዎቹ ግን ምን ያህል ናፍቆት እንዳለባቸው አንቺም እኔም እናውቃለን። ጎብኚ ይህን ይጠይቅሻል። መንግሥት ያለውን ብቻ አንብበሽ አትመልሺ። ከግጭ ከመጡት አንድ ሽማግሌ ጋር ቁጭ በይና ማሳቸው የት እንደነበር፣ ውሃ ከየት ይቀዱ እንደነበር በደንብ ጠይቂያቸው፤ ጻፊው። ሳይፈቅዱልሽ ግን ስማቸውን ለጎብኚ እንዳትናገሪ።

ሌላው የማዝሽ፣ እስክመጣ ድረስ ፓርኩ ውስጥ ሳንካበር ለመሄድ ዕድል ባገኘሽ ቁጥር ደመናው ከቆላው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ከየትኛው ሸለቆ ቀድሞ እንደሚወጣ በደብተር መዝግቢ። ከሌላ ጋይድ አትገልብጪ፤ ራስሽ እዪ። ስመለስ ሁለታችን እናነጻጽረዋለን።

ለእናትሽ የሱፍ ሻል ገዝቻለሁ፤ እንዳትነግሪያት። ቅዳሜ ጎንደር እገባለሁ፤ ማንም ሊቀበለኝ እንዳይለፋ፣ በሚኒባስ እመጣለሁ።

አባትሽ