ከየካ አባዶ፣ ለወንድሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? ቤተሰብ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! አሁንም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት። ሰፈሩ ያው ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ፣ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ።

ናፍቆትህ እንዳለ ሆኖ፣ አንተ የምትወደው ዓይነት ሥራ ይዣለሁ። የደንበኞችን አሮጌ ኮምፒውተሮች ዲስክ ኢሜጅ (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ በአንድ ፋይል) እየወሰድን እናስቀምጣለን። ፋይሎቹን የምናወጣው ሊብጌስትኤፍኤስ በሚባል ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በኩል። እሱ ደግሞ ኢሜጁን የሚከፍተው ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) አስነስቶ በውስጧ ነው። ስለዚህ ሦስት ሁኔታ አለው፦ ገና ዲስክ እየተጨመረለት፣ እየተነሳ፣ ወይም ዝግጁ።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። የኛ የፓይተን ክላስ «ተነስቷል» የሚል የራሱ ምልክት ነበረው። ማሽኗን የሚያስነሳው ትእዛዝ፣ ላውንች፣ ሲጠራ ትሩ (እውነት) ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ግን ማሽኗ መሃል ላይ ልትሞት ትችላለች። ራም ሲያጥር ሊኑክስ ሊገድላት ይችላል። ያኔ ላይብረሪው ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ይመለሳል፤ የኛ ምልክት ግን ትሩ እንዳለ ነው። ብዙ ኢሜጅ ጨምረን አንዴ ስለምናስነሳ፣ ማታ የተውነው ሥራ ጠዋት ስንገባ «መጀመሪያ ላውንች ጥራ» በሚል ስህተት ተሞልቶ ይጠብቀናል።

አሁን ምልክቱን አውጥቼ ሁኔታውን የሚጠይቁ ሜተዶች (በክላሱ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ተግባሮች) ጨመርኩ። ኢዝ_ኮንፊግ፣ ኢዝ_ላውንቺንግ እና ኢዝ_ሬዲ ላይብረሪውን ይጠይቃሉ፤ ያገኙትን እንዳለ ይመልሳሉ። እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ናቸው። ምንም አይቀይሩም፣ ምንም አያስነሱም። በዚህ ድርድር የለኝም። ጠያቂው «ዝግጁ አይደለም» ብሎ በራሱ ላውንች ከጠራ፣ ማን ምን እንዳስነሳ ማወቅ አይቻልም።

እርግጥ ማሽኗ «ዝግጁ ነኝ» ካለችም በኋላ፣ ፋይሎቹን ለማየት የሚያበቃው ማውንት እስኪጠራ ድረስ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ስህተት ሲመጣ የሚይዙልን ትራይና ኤክሴፕቱ ቦታቸው ላይ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የላይብረሪው ጌት_ስቴት ሁኔታውን በቁጥር ይመልሳል። ማኑዋሉ ራሱ ለዲበግ (ለስህተት ፍለጋ) ካልሆነ አይጠቅምም ስለሚል እኔ ትቼዋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ግን ይጨመር ይላሉ። የኔ ስጋት አንዱ ተነስቶ ቁጥሩን ኢፍ ውስጥ ከቶ ኮዱ በእሱ እንዳይወስን ነው። ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ብቻ ብናትመውስ? ኮዱን በቴሌግራም እልክልሃለሁ፤ አየት አድርገህ ያንተን ሐሳብ ጻፍልኝ።

እናታችንን ሳምልኝ።

ወንድምህ