አኩርፈሻል ብዬ

እህትዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ አለሁልሽ፣ እማዬም ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ነው የሚያማት። ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሄጄ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው፣ የአክስትሽን ልጅ! "እሷ እኮ አንቺ ያኮረፍሻት ነው የሚመስላት" ስትለኝ እዛው በርበሬ ተራ መሀል ክው ብዬ ቀረሁ። እኔ አኩርፌ? እኔ እኮ ከስድስት ዓመት በላይ አንቺ ነሽ ያኮረፍሽኝ ብዬ ቁጭ ብያለሁ። ለካ በለቅሶው ሰሞን ስልክሽ ተሰርቆ፣ የሰው ቁጥር ሁሉ አብሮ ጠፍቶብሽ፣ አዲስ ሲም አውጥተሽ ምናምን።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እናትሽ ያረፉ ጊዜ፣ ግንቦት 2011፣ ጎንደር በአውሮፕላን ያልመጣሁት ቲኬት አጥቼ ነው ብዬሽ ነበር አይደል? ውሸቴን ነው። ቲኬት ነበረ። ፈርቼ ነው።

መጋቢት 1 ወደ ናይሮቢ ሲሄድ ከተነሳ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው አውሮፕላን ትዝ ይልሻል፣ 157 ሰው ያለቀበት፣ እኔ ያን ቀን ከቲቪ ፊት አልተነሳሁም፣ ያ የተቦደሰ መሬት ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ለሳምንታት ሌሊት ሌሊት እያባነነኝ ነበር። የሚገርምሽ ግን ያ ቦይንግ 737 ማክስ የሚባለው የአውሮፕላን ዓይነት በግንቦት በመላው ዓለም እንዳይበር ታግዶ ቆሞ ነበር። ማለት እኔ የፈራሁት አውሮፕላን የትም አይበርም ነበር! ወንድሜ ይሄን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፣ ገባኝም፣ ቲኬት ቢሮው በር ላይ ስደርስ ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ በቃ "ይሄማ ምልክት ነው፣ ልቤ ነግሮኛል" ብዬ ተመለስኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲሉ እሰማ ነበር፣ ልጡን እባብ አድርጌ የማየው እኔ ነኝ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከዛማ በባስ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን። አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ከጎኔ የነበሩት እናት "ኧረ ማርያም፣ ኧረ ማርያም" ሲሉ ነው የነቃሁት፣ ቀና ብል ሹፌሩ ባንድ እጁ መሪ ባንድ እጁ ስልክ ይዞ እየሳቀ ያወራል። ታውቂያለሽ ምን አደረግኩ? ነጠላዬን ተከናንቤ መልሼ ተኛሁ። በዛን ሰሞን እኮ በሀገራችን በዓመት ከ4 ሺህ በላይ ሰው በመኪና አደጋ ይሞት ነበር፣ ግን ሁለት እዚህ ሦስት እዛ እያለ ስለሆነ ማንንም ከእንቅልፉ አያባንንም። ጌርድ ጊገረንዘር የሚባል ጀርመናዊ ሳይኮሎጂስት አሜሪካኖቹ ከሴፕቴምበር 11ዱ (2001 እ.ኤ.አ.) የአውሮፕላን ጥቃት በኋላ አውሮፕላን ፈርተው መኪና ሲያበዙ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 1,500 ሰው በዚሁ ምክንያት መንገድ ላይ እንደሞተ ገምቷል። ይሄን ሳነብ ያ ባስ ነው ትዝ ያለኝ።

ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ውስጥ አቀፍሽኝና ዝም አልሽ። እናቷን የቀበረች ሰው ምን ትበል? እኔ ግን ስለዋሸሁሽ ዝምታሽ እንደ ፍርድ ነው የተሰማኝ። አዲስ አበባ ገብቼ በቴሌግራም ረጅም ነገር ጻፍኩልሽ፣ አንድ ራይት ብቻ። አንድ ራይት ማለት እኮ አላነበበችውም ማለት ነው! እኔ ግን አንብባ የዘጋችኝ ነው የመሰለኝ። ደወልኩ፣ አይሰራም፣ "ብሎክ አደረገችኝ" አልኩ። ገና መጣ፣ አልደወልሽም፣ "ይኸው"። ፋሲካ መጣ፣ "ይኸው"። እኔም አልደወልኩም እኮ፣ እሱን ማን ቆጥሮት። በ2002 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ሳይኮሎጂስት ዳንኤል ካህነማን ሰው ከባድ ጥያቄ ሲገጥመው ሳይታወቀው በቀላሉ ይተካዋል ይላል። የኔ ጥያቄ "ተቀይማኛለች ወይ?" ነበር፣ የመለስኩት ግን "ጥፋተኛ ነኝ ወይ?" የሚለውን ነው።

እማዬን ደሞ ታውቂያታለሽ፣ ዓይኗ በተርገበገበ ቁጥር እንግዳ ይመጣል። አንዴ በጾሙ ወቅት ተንኮል ይዞኝ ካላንደሩ ላይ ምልክት እያደረግኩ ቆጠርኩባት፣ 11 ጊዜ ተርገበገበ፣ እንግዳ የመጣው ሁለቴ፣ አንዱ ደሞ ቆጣሪ አንባቢ ነው፣ እሱንም "አላልኩሽም?" ብላ ቡና አጠጣችው። ዘጠኙን ብትጠይቂያት አታስታውስም። ይቺው ሴትዮ ግን ምጣድ ፊት ስትሆን እጇን ከላይ ዘርግታ "ቆዪ፣ ገና ነው" ካለች ገና ነው፣ ተሳስታ አይቼ አላውቅም። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ምጣዱ ይመልስላታል፣ ከተሳሳተች እንጀራው ይጣበቃል ወይ ዓይን አያወጣም፣ አርባ ዓመት ሙሉ በየቀኑ እየታረመች ነው እጇ ያወቀው። ዓይኗን ግን ማን አርሞት ያውቃል? የኔንም ኩርፊያ የሚያርም አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ አንቺን ደሞ መጠየቅ ፈራሁ።

እና አሁን አዲሱን ቁጥርሽን ተቀብያለሁ፣ ግን ድምፅሽን ስሰማ ማልቀሴ ስለማይቀር መጀመሪያ ይሄን በአክስትሽ ልጅ እጅ ልላክልሽ ብዬ ነው። ስታነቢው ደውዪ። ለመስቀል እመጣለሁ፣ የእናትሽን መቃብር ታሳይኛለሽ። ቲኬት ቆርጫለሁ፣ በአውሮፕላን ነው። ከአሁኑ እጄን እያላበኝ ነው ባክሽ፣ መስኮት ጋር እንዳያስቀምጡኝ እለምናለሁ።