ፈረሱ ገብቶ ጫቱ ለምን ወጣ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፕሮፌሰር ዴቪድ ነት ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አነበብኩ። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ አለ። አእምሮ ላይ የሚሠሩ ዕፆችን ሲመረምሩ የኖሩ የሥነ አእምሮ ሐኪም መሆናቸው አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከእንግሊዝ መንግሥት የዕፅ አማካሪ ምክር ቤት ሰብሳቢነት መባረራቸውም አልቀረም። ኤክስታሲ የተባለውን ዕፅ ጉዳት ከፈረስ ግልቢያ አደጋ ጋር ያነጻጸሩበት ጽሑፍማ ከነፎቶው ነው የቀረበው። የፈረስ ፎቶ!

እኔን ያንገበገበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፕሮፌሰሩ ደረጃ ካወጡላቸው ዕፆች አብዛኞቹ ለአገራችን እንግዳ ናቸው ብላችሁ፣ ሄሮይን፣ ኮኬይን፣ ኤል ኤስ ዲ እያላችሁ ጥቂቱን ዘርዝራችሁ አለፋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የፕሮፌሰሩና የባልደረቦቻቸው የጉዳት ደረጃ ሰንጠረዥ 20 ንጥረ ነገሮች አሉት። አንደኛው ሄሮይን ነው፣ አምስተኛው አልኮል፣ ዘጠነኛው ትምባሆ። ሃያኛው፣ ማለትም ጉዳቱ ከሁሉም ያነሰ የተባለው ምን መሰላችሁ? ጫት ነው። አልኮል፣ ትምባሆና ጫት ለኢትዮጵያ እንግዳ ከሆኑ እንግዳ ተቀባይነታችን በእውነት ይደነቃል።

ጫት የሚረሳው እንዲህ ዓይነት ዘገባ ላይ ብቻ ነው። ጋዜጠኞች ወሎ ድረስ ሲመጡማ ሌላ የሚታያቸው ነገር የለም። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። አንድ ጊዜ ካሜራ የያዙ ልጆች መጡ፤ ከየትኛው ሚዲያ እንደሆነ ይቅር። ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ሌሊት አስደንግጦ ስለሚያነቃው ዱካክ፣ ከምርቃና ለመውረድ ማታ ስለሚጠጣው አረቄ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሰምተው፣ “ሲስተር፣ ጫት ያሳበደው ልጅ አያሳዩንም?” አሉኝ። ሲተላለፍ እኔ የለሁም። የጫት ትራፊ፣ ገራባ፣ የተበተነበት ወለል፣ ዓይኑ የቀላ አንድ ልጅ፣ ከሥሩ የሚያላዝን ሙዚቃ። በቃ፣ ወሎ ማለት ይኸው ሆነ።

እናቴ ከዱበርቲዎቹ፣ ከጸሎተኞቹ እናቶች ጋር፣ ለዱዓ ወዳጃ ስትቀመጥ ጫቱ የሚቀመሰው ከተመረቀበት በኋላ ነው። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው እስከ በረካ ይደርሳል፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለዝናቡ ዱዓ ይደረጋል። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሥራው። ይህንን ሱቅ በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ከሚቃመው ጋር ማን አንድ አደረገው?

አገር ውስጥስ ማን አጠና እንዳትሉኝ። እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ቡታጅራ ላይ ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ቤት ለቤት አስጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከቃሚዎቹ 80 በመቶው የሚቅሙት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሆነ ተናግረዋል። ቡታጅራ ወሎ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ወዳጃ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ቁጥሩ አይገርመውም።

ደግሞ “ሃያኛ ነው ተብሏል” ብሎ ሁለተኛ ዙርባ የሚገዛ እንዳይኖር። ነጥቡን የሰጡት የእንግሊዝ ባለሙያዎች ናቸው፣ ያዩትም የእንግሊዝን ሁኔታ ነው። ካቲኖን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ የተለየው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ይከስማል። በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉ ይደክማል። ነጋዴው በኮባ ቅጠል የሚጠቀልለው፣ የጫት አይሱዙው እንደዚያ የሚከንፈው ለዚህ ነው። በአውሮፕላን ተጭኖ ለንደን የደረሰ ጫትና ጠዋት እዚህ ሐይቅ ተቀንጥሶ ከሰዓት የሚቃመው አንድ አይደሉም። እዚያ ላይ ጨብሲውን፣ ከምርቃና ለመውረድ የሚጠጣውን መጠጥ፣ ጨምሩበት። ሃያኛው ደረጃ ይህንን አይለካም። ይህንን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ነበር እኮ የጠበቅኩት!

ያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ጫትን አገደችው። ፕሮፌሰሩ የተባረሩበት ምክር ቤት ራሱ ለማገድ የሚያበቃ የጉዳት ማስረጃ የለም ብሎ መክሮ ነበር። ሳይንቲስትና ፖለቲከኛ ሲጋጩ ማሳየት ከፈለጋችሁ ከፈረሱ ይልቅ ይህ አይሻልም ነበር? ያውም እኛን የሚመለከት።

እ.ኤ.አ. በ2010ሩ የፕሮፌሰሩ ጥናት አልኮል ሄሮይንን በልጦ አንደኛ መውጣቱን ጽፋችኋል፤ እሰየው። ፎቶው ግን የውስኪ ጠርሙስ ነው። እኛ ዘንድ እየተንቀጠቀጠ የሚመጣው ሰው ውስኪ ከየት አምጥቶ? ካቲካላ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰንጠረዡን እስከ ሃያኛው መስመር አትሙት፤ ያንን ዓረፍተ ነገርም አርሙ። ወሎ ስትመጡም ጥያቄያችሁን ቀድማችሁ ጽፋችሁ ኑ። ምን መጠየቅ እንዳለበት ከቸገራችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል ከቢሯችሁ የታክሲ መንገድ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ