መዶሻ ከማንሳታችን በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ብዙዎቻችሁ «ቁልፍ ካስረከብናችሁ በኋላ ሥራው ቶሎ የማይጀመረው ለምንድን ነው?» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ የመጀመሪያውን ቀን ስናንኳኳና ስንለካ ነው የምንውለው። ምክንያቱን እንንገራችሁ።

የአብዛኛው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሶሌታ (ለእናንተ ወለል፣ ለታች ጎረቤታችሁ ጣሪያ የሆነው) አንድ ወጥ ኮንክሪት አይደለም። ቀድሞ ተሠርቶ የመጣ ተገጣጣሚ ቢም፣ ማለትም ክብደቱን የሚሸከም የኮንክሪት አግዳሚ፣ በረድፍ ይደረደራል። በቢሞቹ መሃል ክፍት ብሎኬት ይገባል። ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስበታል። ከሥር ሆናችሁ ጣሪያውን ብታንኳኩት ብሎኬቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ቢሙ ግን ድፍን ነው። እኛም እየሰማን ቢሞቹን በጠመኔ እናሰምራለን። የሻወር ቤት ቱቦ በጠመኔው መስመር ላይ በፍጹም አያልፍም።

አንድ ቤት ውስጥ ከእኛ በፊት የሠራ ሰው ለቱቦ ብሎ ቢሙን ጠርቦ፣ ፌሮውን በግራይንደር ቆርጦ፣ በሴራሚክ ሸፍኖት ሄዷል። የቤቱ ባለቤት ያወቁት የታች ጎረቤታቸው ጣሪያ ሲሰነጠቅ ነው። ሴራሚኩን አንስተን ስናየው ደነገጥን። ውሃ የነካው ፌሮ ዝጎ አብጧል፤ ያበጠው ብረት ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ኮንክሪት ፈልቅቆታል።

ሁለተኛው ነገር የማፍረስ ጉዳይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ቤት በዘላቂነት ማደስ ሲባል በአብዛኛው ብርድ እንዳይገባ ግድግዳ ማልበስ ነው፤ ቤቱ ክረምቱን ሙሉ ይሞቃላና። እኛ ቤት ማሞቂያ የለም። መብራታችንም በአብዛኛው የሚመጣው ከውሃ ግድብ ነው። ስለዚህ ስናድስ አካባቢን በብዛት የምንጎዳው በምንገዛው ሲሚንቶ፣ ብረትና ሴራሚክ ነው። ሲሚንቶ ለማምረት የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፤ ካርቦኑ ከነዳጁ ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩም ይወጣል። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። ደህና የያዘን ልስን «አሮጌ ነው» ብለን የማናራግፈው ለዚህ ነው። ኪሳችሁም አይጎዳም።

የላሜራ መስኮትም ያው ነው። ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ከተቀባና መስታወቱ በደንብ ከተያዘ ገና ብዙ ያገለግላል። ፎቁ ጫፍ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ላላችሁ ግን ምክራችን ይለያል፦ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ አውሉት። የከሰዓቱን ሙቀትም የሌሊቱን ብርድም የሚያመጣባችሁ ቆርቆሮው ነው።

ሻወር ቤት ላይ ግን አንቆጥብም። ሴራሚክ ብቻውን ውሃ አያግድም፤ ውሃው በመገጣጠሚያው ሰርጎ ይወርዳል። ከሥሩ የውሃ መከላከያ ሳይቀባ፣ ውሃ አቁረንም አንድ ቀን ሳናሳድር ሴራሚክ አንለጥፍም። «ይሄን ዝለሉትና ዋጋ ቀንሱልን» ለምትሉን፣ ይቅርታ፣ ይሄን አናደርገውም።

በቅርቡ ሻወር ቤት ለማሳደስ የተመዘገባችሁ፣ ከታች ፎቅ ካሉት ጎረቤታችሁ ጋር አስቀድማችሁ አገናኙን። የእሳቸውን ጣሪያ አይተን፣ ፎቶ አንስተን ነው የምንጀምረው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት እድሳት ባለሙያዎቻችሁ