የድሮ ነጥብ በዛሬ ሚዛን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የድሮና የዛሬ እግር ኳስ ቡድኖችን በነጥብ ብዛት ያወዳደራችሁበትን ጽሑፍ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ንጽጽሩ ልክ አይደለም። ድሮ ያሸነፈ የሚያገኘው 2 ነጥብ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ 3 ከፍ አደረገችው። የዓለም ዋንጫም በ1994 ተከተለ።

ቀላል ስሌት ላሳይ። ሁለት ቡድኖች 18 ጨዋታ አደረጉ እንበል። አንዱ 10 አሸንፎ 2 አቻ ወጣ። ሌላው 8 አሸንፎ 6 አቻ ወጣ። በድሮው ሕግ ሁለቱም 22 ነጥብ አላቸው። በአሁኑ ግን 32 ለ30 ይሆናሉ። ሕጉ የተቀየረውም ለዚሁ ነው፦ «አንድ ነጥብ ይበቃናል» ብሎ በሩን ዘግቶ የሚጫወት ቡድን እንዳያዋጣው።

በመረብ ኳስማ ባሰ። ድሮ ሰርቭ ያላደረገ ቡድን ነጥብ አይቆጠርለትም ነበር፤ ዙሩም በ15 ያልቅ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ አለው፤ ቆጠራውም 25 ነው። (የሰፈራችን ሽማግሌዎች ዛሬም በ15 ካልሆነ አንጫወትም ይላሉ።)

ስለዚህ ሰንጠረዥ ስታወጡ ድል፣ አቻና ሽንፈቱን ለየብቻ አስፍሩ። የድሮውንም በ3 ነጥብ አስልታችሁ ከጎኑ አትሙልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ