ብራና በጅማም ይታይ

ይድረስ ለጅማ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣

የታሪክ መምህርት ነኝ። በቅርቡ ስለ ጥንት የብራና መጻሕፍት ሳስተምር አንዲት ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ የት ሄደን ነው የምናያቸው?» አለችኝ።

አድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም አለ አልኳት። ሥዕል ያለባቸው ወንጌሎቹ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ተመድበዋል። ጣና ላይ ደግሞ ክብራን ገብርኤል በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሣለ ወንጌል አለው። እዚህ ላይ ቃል አጠረኝ። ክብራን ሴት አይገባም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ የጠየቀችኝ ግን ሴት ልጅ ናት። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍት ደግሞ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። የቀረን ስድስት ኪሎ ነው፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለአንድ ክፍል ተማሪ አውቶቡስ መከራየት አቅማችን አይደለም።

የአባ ጅፋር ዕቃዎች ባሉበት ሙዚየማችን አንድ ጥግ ስጡን። ዋናዎቹን መጻሕፍት አምጡ አላልኩም። ባለቤቶቹን አስፈቅዶ በትክክለኛ መጠን የታተመ ቅጂ ይበቃል። ልጆቹ በገጹ አናት ላይ የሚጠላለፈውን ሐረግ የተባለ ጌጥ ይዩ። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም መጻፉን ይዩ። ቁም ጸሐፊው መስመር ለማስመር በወስፌ የወጋቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይፈልጉ። እነዚህን ሳሳያቸው ነው ዓይናቸው የሚበራው። ከጎኑ የአካባቢያችን ዑለማዎች በዐረብኛና በአጀሚ (የአገራችንን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል) የጻፏቸው ኪታቦች ይቀመጡ። የእኛው ናቸውና።

አንድ ቀን እውነተኛ ብራና ከመጣ ግን አደራ! ብራና ቆዳ ነው። በእርጥበት ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ያን ጊዜ ቀለሙ ይሰነጠቅና ይረግፋል። የጅማን ክረምት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። መስኮት አጠገብ መቀመጥም፣ በፍላሽ ፎቶ መነሳትም የለበትም። አየርላንድ፣ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ያለውን የኬልስ መጽሐፍ የተባለ ጥንታዊ የብራና ወንጌል የሚያሳዩት እንኳ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ነው፤ አንዱ ገጽ ለረጅም ጊዜ እንዳይጋለጥም በየጊዜው ይገልጡታል።

መግለጫዎቹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለማዘጋጀት ተማሪዎቼ ፈቃደኛ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት መምጣት እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጅማ መምህርት